የአጎቴ ቤዝ እና የሬዲዮው ቮልዩም

አጎቴ ቤዝ ጊታሩን ያመጣልኝ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ ነው፤ ሳጥኑ ከጠፋ ቆይቷል። «ድምፁ ታፍኗል፤ ማግኔቱ ሳያረጅ አልቀረም። ከቻልክ አድነው፣ ካልቻልክ ግድግዳ ላይ ስቀለው» አለኝና ወደ ቡናው ዞረ። በ1972 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄዶ የገዛው የጃፓን ሥሪት ነው፤ ባለ አራት ክር፣ ሁለት ፒክአፕ (ከክሩ ሥር ሆኖ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) እና ሦስት ማዞሪያ (ለየፒክአፑ አንድ ቮልዩም፣ አንድ ደግሞ ድምፁን የሚያለዝብ ቶን) ያለው፣ የአሜሪካውን ፌንደር ኩባንያ ጃዝ ቤዝ መልክ የያዘ። አዳማ ገና ናዝሬት በምትባልበት ዘመን የቀበሌ ኪነት ውስጥ ተጫውቶበታል። የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን የቤዝ መስመሮች ከካሴት እየቀዳ የተለማመደውም በዚሁ ነው።

እኔ ኤሌክትሮኒክስ አልተማርኩም። ቀን ቀን ሒሳብ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ቤዝ እጫወታለሁ። ይህን የምጽፈው እንዲህ ያለ ዕቃ አልጋቸው ሥር ላላቸው ሰዎች ነው። ብዙዎቹ «ሞቷል» ይሉና ይተዉታል፤ ገንዘብ ያለው ደግሞ ሳይመረምር የውስጡን ሁሉ አውጥቶ በአዲስ ይቀይራል። የአጎቴ ቤዝ ሞቶ አልነበረም። አንድ ፀጉር የምታህል ሽቦ ተበጥሳበት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በደግ ልብ የተሠራ ጥገና አፍኖት ነበር።

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት አዳምጡት። ሌላ ጊታር ላይ መሥራቱን ባረጋገጣችሁት ኬብል ሰኩት፤ ኬብል ተበላሽቶበት ቤዙን የበታተነ ሰው አውቃለሁ። ማዞሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ውስጡ ቆሽሿል፤ የአዳማ ንፋስና አቧራ ደግሞ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። የጃኩ መሰኪያ ሲነካ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዳዶው ላልቶ ነው። ዳዶው ሲላላ ጃኩ አብሮ ይዞራል፣ ሲዞር ከኋላው ያለውን ሽቦ ይጠመዝዘውና ይበጥሰዋል። ስለዚህ ዳዶውን ከውጭ በፒንሳ ብቻ አታጥብቁ፤ ከውስጥ ጃኩን ይዛችሁ ነው የሚጠብቀው።

ቀጥሎ እጃችሁን ከክሩ ላይ አንሱና «ሁም» የሚለውን ድምፅ ስሙ። ክሩን ስትነኩ ድምፁ ከቀነሰ ጥሩ ነው፣ የመሬት ሽቦው ይሠራል ማለት ነው። ብትነኩም ባትነኩም ለውጥ ከሌለው፣ ከብሪጁ (ክሮቹ ከታች ከሚታሰሩበት ብረት) ሥር ወደ ውስጥ የሚገባው ሽቦ ተበጥሷል ወይም ዝጎ ለቋል። ስትነኩት ከጨመረ ደግሞ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ተለዋውጠው ተበይደዋል። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው ብረት) ላይ ያለው የጂ ኖታ ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። በጂ የሚዘፈን ዘፈን ላይ ሁሙ አብሮ ይጫወት ስለነበር ለዓመታት ማንም ሳያስተውለው ቀርቷል።

በመጨረሻ አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ዝቅ አድርጋችሁ የካቻቢቴውን ጫፍ ፒክአፖቹ ላይ በቀስታ ነካ ነካ አድርጉ። «ጠቅ» ካለ ፒክአፑ በሕይወት አለ። የአጎቴ ቤዝ ላይ የፊተኛው «ጠቅ» አለ፣ ግን ብርድ ልብስ እንደለበሰ ሆኖ። የኋለኛው ዝም አለ። ግራ ያጋባኝ ሦስተኛው ነገር ነው፤ የዚያን የዝምተኛውን ፒክአፕ ቮልዩም ስዘጋ የደህናውም ድምፅ አብሮ ጠፋ።

ሦስቱ ማዞሪያዎችና ጃኩ የተቀመጡበት ብረት በጥቂት ብሎኖች ነው የተያዘው። ሲነሳ ሁሉም ነገር ተንጠልጥሎ ይወጣል። አንዲት ሽቦ ሳትነኩ ከሦስት አቅጣጫ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ በእጃችሁ ወረቀት ላይ ሣሉት። ፎቶ ያታልላል፣ አንዱ ሽቦ ሌላውን ይከልለዋል። ስትስሉት ግን የቱ የት እንደሚሄድ መከተል ግድ ይሆንባችኋል።

ስስል ነው ያየሁት። ከሦስቱ ፖቴንሽዮሜትሮች (ሬዲዮ ሠሪዎች ዕቃውንም «ቮልዩም» ነው የሚሉት፣ እኔ ፖት እላለሁ) የቶኑ ትልቅና አሮጌ ነበር። ሁለቱ የድምፅ ፖቶች ግን ትንንሽና ከእሱ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ «ቢ10ኬ» የሚል ታትሟል፤ 10 ኪሎ ኦም ማለት ነው፣ ኦም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ ነው። አጎቴን ደውዬ ጠየቅኩት። «አዎ፣ ሲንኮሻኮሽብኝ ሰፈር ያሉት ሬዲዮ ሠሪ ጋ ወስጄው ነበር። በደንብ ነው የሠሩልኝ፣ መንኮሻኮሹ ጠፋ» አለ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ «ከዚያ ወዲህ ነው መሰለኝ የታፈነው» አለ።

ፖት ሦስት እግር አለው። በሁለቱ ዳር እግሮች መካከል የካርቦን መንገድ ተዘርግቷል፤ የመካከለኛው እግር በዚያ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ከሚንሸራተት ጣት ጋር ተያይዟል። ሬዲዮ ውስጥ ድምፁ በአንዱ ዳር ይገባል፣ ሌላው ዳር መሬት ነው፣ የተመጠነው ድምፅ በመካከል ይወጣል። ሬዲዮ ሠሪው የበየዱት እንደዚህ ነው። የሬዲዮ ሥራ ሆኖ ቢሆን እንከን አይወጣለትም፤ ብየዳቸውም የሚያበራ፣ ንጹሕ ነው።

ጃዝ ቤዝ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። ፒክአፑ መካከለኛው እግር ላይ ይበየዳል፣ ወደ ጃክ የሚሄደው በዳሩ ይወጣል። ምክንያቱ ሁለት ቮልዩሞች አንድ መውጫ መጋራታቸው ነው። እንደ ሬዲዮው ከተበየደ አንዱን ስትዘጉ ጣቱ መሬት ጋ ይደርስና የጋራውን መውጫ ከመሬት ጋር ያገናኘዋል፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ተገልብጦ ሲበየድ ግን መሬት የሚነካው የተዘጋው ፒክአፕ ብቻ ነው፤ መውጫው በሙሉ የፖቱ ርቀት ከመሬት ተጠብቆ ይቀራል። ግራ ያጋባኝ ምልክት ምክንያቱ ይኸው ነበር።

የመታፈኑ ጉዳይ ከቁጥሩ ነው። የዚህ ዓይነት ቤዝ የሚፈልገው 250 ኪሎ ኦም ፖት ነው። ፒክአፕ ባትሪ የለውም፤ በማግኔት ዙሪያ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው፣ የሚያመነጨውም በጣም ደካማ ድምፅ ነው። ሁለት 10 ኪሎ ኦም ጎን ለጎን ሲያያዙ 5 ኪሎ ኦም ይሆናሉ። ፒክአፑ ራሱ ከ7 ኪሎ ኦም በላይ ሆኖ ሳለ እንዲህ ያለ ጠባብ መውረጃ ሲከፈትበት ድምፁ ከግማሽ በላይ ወደ መሬት ይፈሳል፤ መጀመሪያ የሚሄደው ደግሞ ጥርት ያለው፣ ላይኛው ድምፅ ነው። ማግኔቱ ምንም አልሆነም። የፒክአፕ ማግኔት በአርባ ዓመት እንዲህ አይደክምም፤ «አርጅቷል» ቢሏችሁ ቶሎ አትመኑ።

ከዚያ በኋላ መለካት ነው። ውድ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አያስፈልግም፤ 20 ኪሎ ኦም የሚለካ ይበቃል። በትክክል የተበየደ ጃዝ ቤዝ ከሆነ ሳትከፍቱት እንኳ መለካት ትችላላችሁ። ኬብሉን ሰክታችሁ በሌላኛው ጫፍ መሰኪያ አፍንጫና አንገት ላይ መለኪያውን አድርጉ፣ አንዱን ቮልዩም ክፈቱ ሌላውን ዝጉ። 7 ኪሎ ኦም አካባቢ ካሳየ ያ ፒክአፕ ደህና ነው፤ ሁለቱንም ስትከፍቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ፒክአፑ ለሁለት የተከፈለው፣ የፕሪሲዥን ዓይነት ቤዝ ከሆነ ከ10 እስከ 12 ጠብቁ። የኔ በተሳሳተ ብየዳና በ10 ኪሎ ኦም ስለተሸፈነ ፒክአፖቹን ነቅዬ ለብቻ ለካኋቸው። የፊተኛው ጠዋት 7.2 አለ፤ ቀትር ላይ ደግሜ ስለካው 7.5። ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር። መዳብ ሲሞቅ መቋቋሙ ይጨምራል፣ በ10 ዲግሪ ወደ 4 በመቶ ገደማ። የአዳማን ቀትር ለምታውቁ ሌላ ማብራሪያ አያሻችሁም። የኋለኛው ምንም አላነበበም፤ መስመሩ ተቆርጧል።

ዕቃ ፍለጋው አድካሚ ነበር። አዳማ በገባሁባቸው ሱቆች 10፣ 50 እና 100 ኪሎ ኦም አለ፤ 250 ሲባል ሻጩ «ለምን?» ይላል። መርካቶ ላይ 500 አገኘሁ። 500 ብቻውን ይሠራል፣ ትንሽ ሾል ያለ ድምፅ ይሰጣል። እኔ ግን በሁለቱ ዳር እግሮች መካከል 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጨመርኩበት፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ 242 ይመጣል፣ ለኛ 250 ነው። ፖት ስትገዙ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን ፊደል እዩ። ኤ ከሆነ ለጆሮ የተመጠነ ነው፣ ቢ ከሆነ እኩል በእኩል የሚሄድ። ለድምፅ ኤ ይሻላል፤ ከጠፋ ግን ቢም ያጫውታል። የማዞሪያውን ዘንግ ይዛችሁ ሂዱ፤ የጃፓን አብዛኛው 6 ሚሊሜትር ነው፣ የአሜሪካው 6.35፣ ይህች ትንሽ ልዩነት ነች ማዞሪያውን አልገባ የምታደርገው።

አሜሪካ ሠራሽ ቤዝ ያላችሁ ፖቱን ሳትጥሉ ጀርባውን አንብቡ። በ137 የሚጀምር ቁጥር ካለ ሲቲኤስ የተባለው ፋብሪካ ምልክት ነው፤ ተከታዮቹ ቁጥሮች ዓመትና ሳምንት ናቸው። ለምሳሌ 1377633 ማለት እ.ኤ.አ. በ1976፣ በ33ኛው ሳምንት የተሠራ። እኔ የጃፓኑ ላይ ይህንኑ ስፈልግ አንድ ሌሊት ሙሉ አምሽቻለሁ፤ የለም።

የቶኑን ካፓሲተር (ከቶኑ ፖት ጋር የተበየደውን ትንሽ ዕቃ) አልነካሁትም። ላዩ ላይ 473 ይላል፤ 47 ብላችሁ ሦስት ዜሮ ጨምሩ፣ 47,000 ፒኮፋራድ፣ ማለትም 0.047 ማይክሮፋራድ፣ ትክክለኛው ነው። በመቶ ዶላር የሚሸጡ «የድሮ» ካፓሲተሮች አሉ ይባላል። እኔ በጭፍን አድምጬ የምለያቸው አይመስለኝም።

አሁን ወደዚያች ፀጉር ወደምታህል ሽቦ። የሞተውን ፒክአፕ ከሽፋኑ አውጥቼ መስኮት ሥር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፣ የአጎቴን የማንበቢያ መነጽር በኔ ላይ ደርቤ። ከታች ሁለት ትንንሽ የብረት ቀለበቶች አሉ፤ ወፍራሙ ሽቦና የጥምዙ ቀጭን ሽቦ የሚገናኙት እዚያ ነው። ከአንዱ ቀለበት ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጠራቅሟል፤ የአርባ ዓመት የሠርግ ላብ። በመርፌ ጫፍ ስጠርገው የሽቦዋ ጫፍ ብቅ አለች፣ ከጥምዙ ጎን ተንሳፍፋ። ዕድለኛ ነበርኩ፣ የላይኛዋ ጫፍ ነች። የውስጠኛዋ ብትሆን ኖሮ ጥምዙን ሁሉ ካልፈቱ አትደረስም፣ እንደገና መጠምጠም ነው መፍትሔው።

ትንፋሼን ይዤ ግማሽ ዙር ፈታሁ። በጣም በደቀቀ የብርጭቆ ወረቀት ጫፏን አንድ ሁለቴ ዳበስኩ፣ የሸፈናት ቫርኒሽ ካልተላጠ ሊድ አይዛትም። የብረት ሱፍ ግን ፒክአፕ ያለበት ክፍል ውስጥ እንኳ አታስገቡ፤ ብናኙ ማግኔቱ ላይ ይለጠፍና አይለቅም። ጫፏን ቀለበቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠምኩ፣ ለአንዲት ሰከንድ በመበየጃው ነካሁ፣ አነሳሁ። መልቲሜትሩ 7.6 አለ። ወዲያው መብራት ጠፋ። መበየጃው ቀዘቀዘ፣ መልቲሜትሩ ግን በባትሪ ነውና በጨለማው ውስጥ 7.6 እያለ ቀጠለ፤ እኔም ቁጥሩን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ብየዳውን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ለሽቦና ለእግር ቀጭን ጫፍ ያለው ይበቃል። የፖቱ ጀርባ ላይ የመሬት ሽቦዎችን ለመበየድ ግን 60 ዋት ያህል ይሻላል። በደካማ መበየጃ ተሸክማችሁ ስትቆዩ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ካርቦኑን ያበላሻል፤ በኃይለኛው ግን በሦስት በአራት ሰከንድ ይያዛል። ጀርባውን አስቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት። ቆርቆሮ ሠሪዎች የሚቀቡትን አሲድ አትጠቀሙ፤ ዛሬ ይይዛል፣ ከዓመት በኋላ ሽቦውን ይበላዋል።

ሁሉን በይጄ፣ ዘግቼ፣ ክር አስሬ ሰካሁት። የፊተኛው ብቻውን ግሩም ነው። የኋለኛው ብቻውን ግሩም። ሁለቱን አብሬ ስከፍት ቤዙ ጠፋ! እንደ ስልክ ድምፅ ቀጠነ፣ ሁሙም ጨመረ። ጥፋቱ የራሴ ነው። የኋለኛው ፒክአፕ ሁለቱም ሽቦዎች ጥቁር ነበሩ፤ ስነቅላቸው ምልክት አላደረግኩም፣ ስመልሳቸው ተለዋወጡ። የዚህ ቤዝ ሁለቱ ፒክአፖች ሆን ተብለው በማግኔትም በአጠማጠምም ተቃራኒ የተደረጉ ናቸው፤ በትክክል ሲያያዙ የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ ሁሙ ይጠፋል። ሲገለበጡ ተቃራኒው ይሆናል። የአንዱን ፒክአፕ ብቻ ሁለት ሽቦ አለዋወጥኩ፣ አለቀ። ሁለቱንም ቮልዩም እኩል ስትከፍቱ ሁሙ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ከመንቀላችሁ በፊት አንዷ ሽቦ ላይ ትንሽ ናስትሮ ጠቅልሉ፤ እኔ አንድ ምሽት ከፍዬበታለሁ።

የእናንተ ቤዝ ባትሪ ካለበት (9 ቮልት) ከዚህ ሁሉ በፊት ባትሪውን ቀይሩ። ኬብሉን ሰክታችሁ ካደራችሁ ባትሪው ያልቃል፤ የሚያበራው ጃኩ ራሱ ነውና።

ስለ መሬት ሽቦው ሳልናገር ማለፍ የማልችለው አንድ ነገር አለ። ክሮቹ በብሪጁ፣ በጃኩና በኬብሉ በኩል ከአምፑ የብረት አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። አምፑ ብልሽት ካለበትና ሶኬቱ መሬት ከሌለው 220 ቮልቱ ክሩ ላይ ይመጣል። ሠርግ ድንኳን ውስጥ አምፑ ከአንድ ቤት፣ ሚክሰሩ ከጎረቤት በረጅም ዲቫይደር መብራት ሲወስዱ ያየ ያውቀዋል፤ ክር ይዞ ማይኩን በከንፈሩ የነካ ዘፋኝ ሲዘል አይቻለሁ። ሁሙን ለማጥፋት ብለው የአምፑን የመሬት እግር የሚቆርጡ አሉ። ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ። አምፑና ሚክሰሩ ከአንድ መሬት ካለው መስመር ይውሰዱ። ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን በመብራት ቴስተር ንኩት፤ ከበራ አትጫወቱ። አምፑን ራሱን ደግሞ አትክፈቱ፣ ከሶኬት ከወጣ በኋላም ውስጡ የሚመታ ኃይል ይይዛል።

አጎቴ ፍራንኮ ሰፈር ባለው ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሞከረው። አንድ ባቲ ጀመረ፣ አቋረጠ። «በዛ» አለ፣ ቶኑን ግማሽ ዘጋው፣ እንደገና ጀመረ። ከዚያ ምሳ እስኪቀርብ አላስቀመጠውም።

ሁለቱን 10 ኪሎ ኦም ፖቶች ይዤ ሬዲዮ ሠሪው ጋ ሄድኩ። ዛሬም እዚያው ናቸው፣ አሁን የሚሠሩት ቻርጀርና ስፒከር ነው። «ጋሼ፣ እነዚህ የእርስዎ ናቸው» አልኳቸው። ብየዳውን ሲያዩ አወቁት። የሣልኩትን ወረቀት ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወረቀቱን አቀረቡት።

«ይሄማ ተገልብጧል።»

ነገርኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ሁለት ጣቶቻቸውን አየር ላይ እያዞሩ አንዱን ቮልዩም ዘጉ፣ ሌላውን ከፈቱ። «አሃ» አሉ ከቆዩ በኋላ፤ «ሁለቱ በአንድ በር ስለሚወጡ።»

የቤዙን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው ሊዮ ፌንደር ራሱ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1938 የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ሰው እንደነበር፣ ጊታር መጫወትም እንደማይችል ስነግራቸው ከልብ ሳቁ። «እንዲህ ነው እንጂ! ታዲያ ሬዲዮ ሠሪ ሆኖ ነው እኛን ያሳሳተን?»

ከዚያ ሁለቱን ፖቶች በተራ በመልቲሜትራቸው ለኩ፣ «ደህና ናቸው» አሉና ከመደርደሪያው ካለችው የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከሌሎቹ 10 ኪሎ ኦሞች ጋር ጣሏቸው።